ጓደኝነትና ለመናገር መድፈር

ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ከሁሉ ይልቅ ዘንድሮ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ላሉት ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ነው። ወላጆችም ቢያነቡት አይጠሉትም ብዬ አስባለሁ። ነገሩም አንድ ተማሪ የሚያውቀውን ለመናገር፥ ያልገባውን ለመጠየቅ፥ በደል ሲደርስበትም ለማመልከት አፉን የሚከፍትበት ኃይል ከየት እንደሚመጣ መመርመር ነው። ብዙ ሰው ይህ ኃይል ከእናት ማኅፀን ይዘውት የሚወለዱት ነገር ይመስለዋል፤ «እገሌ ተናጋሪ ነው፥ እገሊት ዓይን አፋር ናት» ይባልና ነገሩ እዚያው ይዘጋል። እኔ ግን ከንባብም ከማየትም የተረዳሁት ሌላ ነው። ሰው በብዙ ሰው ፊት ከመናገሩ በፊት ለአንድ ሰው ተናግሮ ማየት አለበት፤ ያም አንድ ሰው በዚያ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ ጓደኛ ነው።

በመጀመሪያ ቋንቋችንን እንመልከት። አማርኛ «ደፋር» በሚለው ቃል በሁለት መንገድ ይሠራበታል። ጦር ሜዳ ለዋለ ሰው ሲነገር ምስጋና ነው፤ በአባቷ ፊት ቀና ብላ ለተናገረች ልጅ ሲነገር ግን ስድብ ነው። «ዓይን አፋር» የሚለው ደግሞ ለልጅ፥ ይልቁንም ለሴት ልጅ፥ እንደ ሙገሳ ይቆጠራል። በእኛ በደጋው አገር ጨዋ ልጅ የሚባለው ትልቅ ሰው ሲገባ የሚነሣ፥ የእንግዳ እግር የሚያጥብ፥ ሲጠየቅ ብቻ የሚመልስ ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላልና ልጅ ያሰበው ሐሳብም ከዚያው ሊጥ ጋር ይቈጠራል። በዚህ ላይ ይሉኝታ አለ። ቃሉ «ምን ይሉኛል» ከሚለው የወጣ ስለ ሆነ ትርጉሙን በራሱ ላይ ተሸክሞ ይዞራል። ይሉኝታ ክፉ ነገር ብቻ ነው አልልም፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ተከባብሮ የሚኖረው በእርሱ ነው። ሆኖም ይኸው አገር «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውንም ተረት ያውቃል። በቀድሞው ዘመን ባላጋራውን ከዳኛ ፊት አቁሞ «በልሃ ልበልሃ» እያለ ይሟገት የነበረው ገበሬም አንደበቱ የታሰረ አልነበረም። እንግዲህ አገራችን የንግግር ድኻ ሆና አታውቅም፤ ለልጅ የተከለለ የንግግር ቦታ ግን ጠባብ ሆኖ ኖሯል።

ይህ ጥበት ከሁሉ የሚያስቸግረው 7ኛ ክፍል ሲገባ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት 7ኛንና 8ኛን ክፍል ለይቶ መካከለኛ ደረጃ ብሎ ሰይሟቸዋል። አባቶቻችን ግን እስከ ዛሬ ድረስ የ8ኛ ክፍልን ፈተና «ሚኒስትሪ» ይሉታል፤ በእነርሱ ዘመን ሚኒስትሪ ያለፈ ልጅ በመንደሩ እንደ ሹም ይታይ ነበር። በገጠር ብዙውን ጊዜ የታችኛው ትምህርት ቤት በቅርብ ይገኛል፤ ከፍ ወዳለው ክፍል ለመድረስ ግን ረጅም መንገድ መሄድ፥ አለዚያም በከተማ ቤት መከራየት ያስፈልጋል። ከጮቄ ተራራ ሥር የመጣ የ13 ዓመት ልጅ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያል፤ ቅዳሜ ወደ ቤቱ ሄዶ እሑድ ማታ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። በትንሹ ትምህርት ቤት አንደኛ የነበረው ልጅ እዚህ ሲመጣ የሚያውቀው የለም። አነጋገሩ የገጠር ነው ተብሎ ከኋላ ወንበር ይሣቅበታል። አንድ ጊዜ ከተሣቀበት በኋላ እጁን እንደ ገና ለማንሣት ወር ይፈጅበታል፤ ጨርሶ የማያነሣም አለ። ሁለት ዓመት ዝም ብሎ ካለፈ ደግሞ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ዝምታው ሁለት እጥፍ ይሆናል። በአማርኛ ያልጠየቀ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል ብሎ ተስፋ ማድረግ ከበድ ይላል።

አሁን ከሩቅ አገር አንድ ነገር ላምጣ። እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. ሰሎሞን አሽ የተባለ፥ ትውልዱ ከፖላንድ የሆነ፥ በአሜሪካ ይኖር የነበረ የሥነ ልቡና ሊቅ ቀላል የሚመስል ሙከራ ገለጸ። ከ7 እስከ 9 የሚሆኑ ተማሪዎችን በአንድ ክፍል አስቀምጦ ሁለት ካርዶች ያሳያቸዋል። በአንዱ ላይ አንድ መስመር፥ በሁለተኛው ላይ ርዝመታቸው የተለያየ ሦስት መስመሮች ተሥለዋል። ጥያቄው «ከሦስቱ ከመጀመሪያው ጋር እኩል የሆነው የትኛው ነው?» የሚል ብቻ ነው። ሕፃን እንኳ አይሳሳተውም። ነገር ግን በክፍሉ ካሉት ተማሪዎች አንዱ ብቻ ነበር እውነተኛው ተፈታኝ፤ የቀሩት ከሊቁ ጋር ተስማምተው የገቡ ናቸውና ሁሉም በአንድ ድምፅ የተሳሳተውን መልስ ይሰጣሉ። ተፈታኙ ብቻውን ሲጠየቅ ፈጽሞ አይሳሳትም ለማለት ይቻላል፤ በእነዚህ መካከል ሲቀመጥ ግን ከሰጣቸው መልሶች አንድ ሦስተኛ የሚያህሉት የብዙኃኑን ስሕተት የተከተሉ ሆኑ። ዓይኑ የሚያየውን አፉ ካደው ማለት ነው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው። ከተስማሙት መካከል አንዱ ብቻ እውነተኛውን መልስ እንዲናገር አዘዘ። ያን ጊዜ የተፈታኙ ስሕተት ከቀድሞው ወደ አንድ አራተኛ ወረደ። ልብ በሉ፤ የተጨመረለት ሠራዊት አይደለም፤ አንድ ሰው ነው። ያ አንድ ሰው በመካከሉ ከድቶ ወደ ብዙኃኑ ሲዞር ተፈታኙም ወዲያው ወደ ስሕተቱ ተመለሰ። ነገር ግን ያው ሰው ሳይከዳ፥ ጉዳይ አለኝ ብሎ ከክፍሉ ሲወጣ፥ የተፈታኙ ስሕተት ጥቂት ጨመረ እንጂ እንደ ከዳው ጊዜ አልበዛም። አጠገቡ የነበረው ወንበር ባዶ ሆኖ ሳለ የጓደኛው ኃይል ገና አልጠፋም ነበር።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ወዲያው ትዝ ያለኝ የአገራችን የቅኔ ቤት ነው። ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑ የታወቀ ነው፤ ስማቸው ከተጠራ ከሦስቱ የቅኔ ቤቶች ዋሸራና ጎንጅ የእኛ ናቸው፥ ሦስተኛው ዋድላ ነው። ዲማ ጊዮርጊስንና ደብረ ኤልያስንም የማያውቅ የለም። ስለ ቅኔ ሲነገር ሰምና ወርቁ ይመሰገናል፤ የቅኔ ቤት ልጅን እንዴት አድርጎ እንደሚያናግር ግን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ ይዞ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከቤት ወደ ቤት እየለመነ የሚማር ልጅ ከዘመዱ የራቀ ነው። ቅኔ ቆጠራ ሲወጣ ራሱን ተከናንቦ ከጫካ ወይም ከወንዝ ዳር ብቻውን ይቀመጣል። ማንም አይሰማውም፥ ማንም አይሥቅበትም። ከዚያ በኋላ ነገራ ይመጣል፤ የቆጠረውን ለሌላ ሰው አፍ አውጥቶ መናገር አለበት። ጀማሪው ግን ዘሎ የኔታ ፊት አይቆምም። አስነጋሪ የሚባሉ በትምህርት የቀደሙት ተማሪዎች አሉ፤ እነርሱ ይሰሙታል፥ የተሰበረውን ያሳዩታል፥ እንደ ገና እንዲቈጥር ይሰዱታል። መጀመሪያ የሚቀኘው ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው። ከዚያ እያደገ ሄዶ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ በጉባኤ መካከል የሚቀኝ ሰው ይወጣዋል። ከጫካው ወደ አስነጋሪው፥ ከአስነጋሪው ወደ የኔታ፥ ከየኔታ ወደ ማኅሌቱ ነው መንገዱ። የድፍረት ደረጃ ማለት ይህ ነው፤ አባቶቻችን ያለ ሥነ ልቡና ሊቅ አግኝተውታል።

አንድ ነገር ግን ልለይ። አስነጋሪው ለጀማሪው አይቀኝለትም። ይሰማዋል፥ ያርመዋል፥ ቃሉ ግን የጀማሪው ነው። በእኛ ክፍሎች ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይጠፋል። «መምህር፥ እርሷ አልገባትም» ብሎ በጓደኛው ፈንታ የሚጠይቅ ደግ ልጅ በየክፍሉ አለ። ደግነቱ የማይካድ ነው፤ ነገር ግን ጓደኛዋ ሁልጊዜ የሚጠይቅላት ልጅ ዓመቱ ሲያልቅ እንደ ገባች ዝም ብላ ትወጣለች። ከዚህ የባሰው ደግሞ እርስ በርሱ እየተሣሣቀ ማንም እጁን እንዳያነሣ የሚጠባበቅ የጓደኛ ስብስብ ነው። ጓደኝነት ያለ ጥርጥር ያናግራል ማለት አይቻልም፤ አፍ የሚያስይዝ ጓደኝነትም አለ። የምንመርጠው ጓደኛ የሚሰማውን ነው።

ብቻውን የሚናገረውስ? የዚህን ዓይነት ሰው የጎጃሙ ተወላጅ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ሥለው አሳይተውናል። እርሳቸውም በልጅነታቸው በእነዚሁ በአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች ያደጉ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጉዱ ካሳ ስለ ባላባቶቹ ሥርዓት የሚናገረው ነገር እውነት ሆኖ ሳለ ሰው «ጉዱ» የሚል ቅጥያ ሰጥቶ እንደ እብድ ቈጠረው። ብልኅነት አልጎደለውም፥ ድፍረትም አልጎደለውም፤ በአደባባይ አጠገቡ የሚቆም ሰው ነው የጎደለው። ከወጣቱ ከበዛብህ ጋር ሲጨዋወት ያነበበ ሰው እብደቱ የት እንደ ሄደ ይጠይቃል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ትምህርት ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ ዝም ማለት ከፈተና ውጤት የበለጠ የሚያስከፍልበት ጊዜ አለ። በ2008 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች መጀመሪያ ያገቡበትን ዕድሜ ሲመረምር፥ በአማራ ክልል አማካዩ 15.7 ዓመት፥ በአዲስ አበባ ግን 23.9 ዓመት ሆኖ ተገኝቷል። እነዚህ ሴቶች ዛሬ እናቶቻችንና አክስቶቻችን ናቸው። 15 ዓመት ማለት የ8ኛ ክፍል ዕድሜ ነው። አንዲት ልጅ መናገርን የምትለማመድበት ጊዜና ስለ ሕይወቷ ሌሎች የሚወስኑበት ጊዜ አንድ ላይ ይመጡባታል።

ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፥ ለሴት 15 ዓመት ወስኖ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በ648ኛው አንቀጽ ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ የሚያገባውን፥ ልጅቱ 13 ዓመት ከሞላት እስከ 3 ዓመት፥ ካልሞላት እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ነገር ግን ሕጉ የሚነቃው አንድ ሰው ሲናገር ነው። የሚያውቁት አባትና እናት፥ ሽማግሌዎቹና የወንዱ ዘመዶች ናቸው፤ ከእነዚህ የሚናገር የለም። ስለዚህ ነገሩ ዞሮ ዞሮ በልጅቱ አፍ ላይ ይወድቃል።

ከባሕር ዳር በማይርቀው፥ በምዕራብ ጎጃም በይልማና ዴንሳ ወረዳ በሞሰቦ ቀበሌ፥ ይህን ያስተዋሉ ሰዎች በ1996 ዓ.ም. «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ሥራ ጀመሩ። ፖፑሌሽን ካውንስል የሚባለው ድርጅትና የክልሉ መንግሥት በአንድነት ያካሄዱት ነው። ሲጀምሩ የተነሡበት ነገር የልጃገረዶቹ ብቸኝነት ነበር፤ ከትምህርት ቤት የቀረች ወይም ያገባች ልጅ ጓደኛ የላትም፥ ጓደኛ ከሌላት ደግሞ ለማን ትናገራለች? ስለዚህ ልጃገረዶቹን ከዚያው ከመንደሩ በተመረጡ ሴቶች እየተመሩ በየቡድን አሰባሰቧቸው። ለትምህርት ደብተርና እርሳስ ሰጡ፤ ከመንደሩ ሰው ጋርም ውይይት አደረጉ። ሁለት ዓመት ሳታገባ በቡድኑ ለቆየች ልጅ ለእርሷና ለወላጆቿ በግ ወይም ፍየል ይሰጥ ነበር። የሥራው ውጤት ሲመዘን፥ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጆች ሥራው ካልተካሄደበት ተመሳሳይ ቀበሌ ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ በትምህርት ላይ የመገኘታቸው ዕድል ሦስት እጥፍ ያህል፥ የማግባታቸው ዕድል ግን አንድ ዐሥረኛ ያህል ሆኖ ተገኘ። ከ15 እስከ 19 ዓመት በነበሩት ላይ ግን ጋብቻው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ከሌላው ቀበሌ በዝቶ ታየ። ጋብቻው ለጥቂት ዓመት ተገፋ እንጂ ጨርሶ አልቀረም ማለት ነው። የሠራው ፍየሉ ነው ወይስ ጓደኞቹ ናቸው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ፍየል በደጋ ቤት ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ግን በግ ወይም ፍየል ለወላጅ አፍ ማስያዣ ይሆናል፥ ለልጅቱ አፍ መፍቻ የሚሆናት ግን ቡድኑ ነው እላለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን ከባለቤቷ አፍ ሰምቼ፥ በፈቃዷ፥ ስሟን ሳልጠራ ነው። ልጅቱ 8ኛ ክፍል ሳለች በአንዲት ትንሽ ከተማ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ተከራይታ ትማር ነበር። በታኅሣሥ ወር አንድ ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤቷ ስትሄድ በግቢው ብቅል ተሰጥቶ፥ ጌሾም በጆንያ ተቀምጦ አየች። ለማን እንደ ሆነ የነገራት አልነበረም። ማታ ታናሽ ወንድሟ «ላንቺ ሰርግ እኮ ነው» አላት። እሑድ ስንቋን ተሸክማ ተመለሰች፤ ሁለት ቀንም አልተናገረችም። ጓደኛዋ እንጀራው ሳይነካ ማደሩን አይታ በሦስተኛው ሌሊት ጠየቀቻት፥ እርሷም በጨለማ ነገረቻት።

ጓደኛዋ «እኔ ለመምህራችን እነግርልሻለሁ» ብትል በቀለለ ነበር። ያደረገችው ግን እንዲህ ነው። ጀሪካን ገልብጣ ተቀመጠችና «በይ፥ እኔ መምህሯ ነኝ፤ ንገሪኝ» አለቻት። በመጀመሪያው ሁለቱም ሣቁ። በሁለተኛው አለቀሰች። በሦስተኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረች። በማግሥቱ የሴት ተማሪዎችን ክበብ ከምትመራው መምህርት ዘንድ ሄዱ፤ ጓደኛዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሆና ቆመች፥ ቃል አልተነፈሰችም።

መምህርቷ ለርእሰ መምህሩ፥ ርእሰ መምህሩ ለቀበሌው ነገሩ። ከአባትየው ቤት የሄዱት ሰዎች የነፍስ አባቱን ይዘው ነው የሄዱት፤ ይህም ትልቅ ማስተዋል ነበር። አባትየው ክፉ ሰው አልነበረም። «ቃል ሰጥቻለሁ፤ አሁን ምን ብዬ እመለሳለሁ? ምን ይሉኛል?» አለ። እንግዲህ የልጁ አፍ የተያዘበት ገመድ የአባቱንም አፍ ይዞት ኖሯል። ቄሱ «አብሬህ እሄዳለሁ» ባሉት ጊዜ ተነሣ። ከወንዱ አባት ደጅ ሁለቱ አብረው ቆሙ፤ የተናገረው ግን ራሱ አባትየው ነው። መኳረፍ አልቀረም፤ እስከ ዛሬም ሁለቱ ቤተ ሰቦች በገበያ ሲገናኙ ሰላምታቸው አጭር ነው። ብቅሉ ለጥምቀት ጠላ ሆነ።

ያች ጓደኛዋ በ9ኛ ክፍል ትምህርቷን ትታ ዘመዶቿ ወዳሉበት ወደ አዲስ አበባ ሄደች፤ ለበዓል ካልሆነ አትመጣም። ልጅቱ ዛሬ 12ኛ ክፍል ናት፤ ከእኔ ሁለት ወንበር ቀደም ብላ ትቀመጣለች። ባለፈው ወር በፊዚክስ ትምህርት ጊዜ እጇን አንሥታ፥ በእንግሊዝኛ፥ ቀስ ብላ፥ በሰሌዳው ላይ በሦስተኛው መስመር የመቀነስ ምልክት መቅረቱን ተናገረች። ከኋላ አንድ ሰው ሣቀ። መምህሩ ሰሌዳውን ለጥቂት ጊዜ ተመልክተው ዳስተሩን አነሡ።